የትል መድኃኒት ለምን ይከሽፋል?

ስለ በግና ፍየል የጨጓራ ትል፣ እንዲሁም ስለ አንድ ፕሮቲን ልዩ ልዩ መልኮች

ከልማት ሠራተኞችና ከኅብረት ሥራ ማኅበራት ጋር በተገናኘን ቁጥር ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «ለበጎቻችን አልቤንዳዞል ሰጠን፤ እነሱ ግን አላገገሙም፤ መድኃኒቱ የተበላሸ ይሆን?» የሚል ነው። አንዳንድ ጊዜ መልሱ አዎን ነው። ጊዜው ያለፈበት ወይም ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ የከረመ መድኃኒት በየገበያው ይገኛል። ሌላ ጊዜ ግን መድኃኒቱ ደህና ሆኖ ሳለ የተለወጠው ትሉ ነው። ለውጡ የሚገኘው በትሉ ሕዋስ ውስጥ ባለ አንድ ፕሮቲን፣ ያውም ከፕሮቲኑ ልዩ ልዩ መልኮች በአንዱ ላይ ብቻ ነው። ይህን የሕዋስ ጉዳይ ለልማት ሠራተኛ ማስረዳት ምን ይጠቅማል የሚል ሊኖር ይችላል። እኛ እንደምናየው ግን የለውጡን አሠራር ያወቀ ሠራተኛ «ግማሽ ኪኒን ይበቃል» የሚለውን ልማድ ለማስተው የተሻለ ምክንያት በእጁ ይኖረዋል።

ትሉና በሽታው

እዚህ የምንናገርለት ትል ሄሞንከስ ኮንቶርተስ ይባላል። መኖሪያው በበግና በፍየል አራተኛው የጨጓራ ክፍል ነው። ሴቷ እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ትረዝማለች። ደም የሞላው ቀይ አንጀቷና ነጩ የእንቁላል ቧንቧዋ እንደ ተገመደ ክር ተጠማዘው ስለሚታዩ፣ በግ በታረደ ጊዜ ጨጓራው ተከፍቶ ቢታይ ለመለየት አያስቸግርም። አንድ ትል በቀን 0.05 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ያሳጣል። ይህ ለብቻው ሲታይ ምንም አይመስልም። ሆኖም 1,000 ትል የተሸከመ በግ በቀን 50 ሚሊ ሊትር ደም ያጣል ማለት ነው። 25 ኪሎ የሚመዝን በግ በጠቅላላው ያለው ደም ወደ 1.5 ሊትር ስለሚጠጋ፣ በየቀኑ ከሠላሳ አንዱን እጅ ይከስራል።

ምልክቱ የደም ማነስ ነው። የታችኛው የዓይን ቆብ ውስጡ ሲገለጥ ይነጣል፤ ከመንጋጋ ሥር ውኃ የቋጠረ እብጠት ይወጣል፤ እንስሳው ይደክማል፤ ከመንጋው ወደ ኋላ ይቀራል። ተቅማጥ ላይኖር ይችላል። እንዲያውም ተቅማጥ ባለመኖሩ ምክንያት «ትል አይደለም» ተብሎ የሚታለፈው ብዙ ነው። ሴቷ ትል በቀን ከ5,000 እስከ 10,000 እንቁላል ትጥላለች። በክረምት ሙቀትና እርጥበት ሲመቸው ከእንቁላሉ የተፈለፈለው እጭ በአንድ ሳምንት ገደማ በሣር ላይ ወጥቶ ሌላ በግ ለመያዝ ይደርሳል፤ ከተዋጠ በኋላም በሦስት ሳምንት ውስጥ አድጎ እንቁላል መጣል ይጀምራል። ይህ ትል በአንድ ክረምት ውስጥ በርካታ ትውልድ የሚተካው በዚህ ፍጥነቱ ነው።

የሕዋስ ማገር

ማንኛውም ሕዋስ፣ የበግም ሆነ የትል፣ ውስጡ ባዶ ከረጢት አይደለም። ጭቃ ቤት በማገር እንደሚቆም ሕዋስም ውስጡን የሚያቆሙት ቀጫጭን ቧንቧዎች አሉት። እነዚህ ቧንቧዎች እንደ መቃ ክፍት ናቸው። ውፍረታቸው እጅግ አነስተኛ ከመሆኑ የተነሣ 40,000 ያህሉ ጎን ለጎን ቢደረደሩ አንድ ሚሊ ሜትር ይሞላሉ። ከማገርነታቸው ሌላ መንገድም ናቸው፤ በሕዋሱ ውስጥ የሚመላለሰው ዕቃ ሁሉ በእነሱ ላይ ይጓጓዛል። ሕዋስ ሲከፈል የዘር ቅንጣቶችን ወደ ሁለት የሚጎትቱትም እነዚሁ ናቸው።

ቧንቧው የሚሠራው ቲዩቡሊን ከተባለ ፕሮቲን ነው። አልፋና ቤታ የሚባሉ ሁለት ቲዩቡሊኖች ተጣምረው፣ ጥንዶቹ ደግሞ እንደ ዶቃ ተሰክተው፣ ረድፎቹ ክብ ሠርተው ቧንቧ ይሆናሉ። ቧንቧው እንደ ድንጋይ ግንብ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚቀር አይደለም። በአንድ ጫፍ ሲገነባ በሌላው ይፈርሳል፤ ሕዋሱ እንዳስፈለገው ያረዝመዋል፣ ያሳጥረዋል።

አልቤንዳዞል የሚመታው ይህን ቦታ ነው። መድኃኒቱ በቤታ ቲዩቡሊን ላይ ይለጠፍና ቧንቧው እንዳይገነባ ያግዳል። የሚፈርሰው ይፈርሳል፤ የሚተካ ግን አይኖርም። በመሆኑም የትሉ የአንጀት ሕዋሶች ምግብ ማጓጓዝ ተስኗቸው ይበታተናሉ፤ ትሉ ይሞታል። የበጉ ሕዋስም ቲዩቡሊን አለው፤ መድኃኒቱ ግን በእሱ ላይ የሚይዘው ላላ ብሎ በመሆኑ በትክክለኛው መጠን ጉዳት አያደርስም። ይህ ልዩነት የመጠን እንጂ የዓይነት አለመሆኑን ልብ ማለት ይገባል። አልቤንዳዞል ባረገዘች በግ በመጀመሪያው ወር መስጠት የተከለከለው፣ ያን ጊዜ የጽንሱ ሕዋሶች በፍጥነት የሚከፈሉ በመሆናቸው መድኃኒቱ ጽንሱን ሊያጎድል ስለሚችል ነው።

አንድ ፕሮቲን፣ ብዙ መልክ

ቤታ ቲዩቡሊን ስንል አንድ ነገር ብቻ ማለታችን አይደለም። ቀንበር ሁሉ ቀንበር ነው፤ ለወይፈን የሚሠራውና ለጎልማሳ በሬ የሚሠራው ግን በልክ ይለያያል። እንዲሁም አንድ እንስሳ ለአንድ ፕሮቲን ጥቂት ጥቂት የሚለያዩ ብዙ መልኮች ሊኖሩት ይችላል። እነዚህን መልኮች የሥነ ሕይወት ባለሙያዎች አይሶፎርም ይሏቸዋል። አንዳንዶቹ ከተለያዩ ጂኖች ይሠራሉ፤ ሌሎቹ አንዱ ጂን የሚሰጠው መልእክት በተለያየ መንገድ ተቆርጦ ሲቀጠል ይገኛሉ። ቲዩቡሊን ከመጀመሪያው ዓይነት ነው፤ ለየመልኩ የየራሱ ጂን አለው።

የመልክ መለያየቱ ምን ጥቅም እንዳለው ከአንዲት ትንሽ የአፈር ትል ብዙ ትምህርት ተገኝቷል። ይህች ትል ሲኖራብዲቲስ ኤሌጋንስ ትባላለች፤ ርዝመቷ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ በሽታ አታመጣም፤ በቤተ ሙከራ በቀላሉ ትረባለች። ስድስት የቤታ ቲዩቡሊን ጂኖች አሏት። ከእነዚህ አንዱ የሚሠራው በተለይ መነካትን በሚያውቁት ጥቂት የነርቭ ሕዋሶች ውስጥ ነው። እሱ ሲበላሽ ትሏ ትኖራለች፣ ትንቀሳቀሳለች፣ ትራባለች፤ በፀጉር ጫፍ ቀስ ብሎ ሲነኳት ግን አይታወቃትም። ቤን-1 የሚባለው ሌላው ጂን ደግሞ ሲበላሽ በትሏ ላይ ይህ ነው የሚባል ጉዳት አይታይም። ሌሎቹ መልኮች ሥራውን ይሸፍኑለታል። ነገር ግን ቤን-1 የተበላሸባት ትል የቤንዚሚዳዞል መድኃኒት አይጎዳትም። ይህ በ1989 (እ.ኤ.አ.) ተገልጾ ታትሟል። ከዚህ የምንረዳው መድኃኒቱ የሚይዘውና ትሏን የሚጎዳበት መልክ በዋናነት አንዱ መሆኑን ነው።

በሰውም ቢሆን ነገሩ እንዲሁ ነው። የሰው ልጅ በርካታ የቤታ ቲዩቡሊን መልኮች ያሉት ሲሆን፣ አንዱ በተለይ በነርቭ ሕዋሶች፣ ሌላው ደም በሚያረጉት ጥቃቅን የደም ክፍሎች አሠራር ውስጥ ያገለግላል። የመጀመሪያው ሲጎድል የዓይን ጡንቻዎችን የሚያስሩ ነርቮች በትክክል ሳያድጉ ቀርተው ዓይን እንደ ልብ አይዞርም፤ የሁለተኛው ጉድለት ደግሞ ደም የሚያረጉት ክፍሎች ቁጥራቸው አንሶ መጠናቸው እንዲተልቅ ያደርጋል። እያንዳንዱ መልክ ሲበላሽ የሚያመጣው በሽታ ለየብቻው የሆነው ሥራ የሚሠራበት ቦታ ስለተለያየ ነው።

አንዲት ፊደል

ወደ ሄሞንከስ እንመለስ። ይህ ትል አራት የቤታ ቲዩቡሊን መልኮች አሉት። ሦስተኛውና አራተኛው የሚገኙት በጥቂት የነርቭ ሕዋሶች ስለሆነ ከመድኃኒቱ ጋር እምብዛም ጉዳይ የላቸውም። ዋናው አንደኛው መልክ ነው። ፕሮቲኑ ወደ 450 የሚጠጉ አሚኖ አሲዶች በተርታ ተሰክተው የሚገኙበት ሲሆን፣ መድኃኒት በሚገድለው ትል በ200ኛው ቦታ ያለው ፊኒልአላኒን የተባለው አሚኖ አሲድ ነው። መድኃኒት በማይገድለው ትል ግን በዚያው ቦታ ታይሮሲን ተተክቶ ይገኛል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንዲት የኦክስጅን አቶም ናት። በጂኑ ላይ ሲታይም የተለወጠችው አንዲት ፊደል ብቻ ናት። ይህን በሆላንድ የሚገኙ ተመራማሪዎች በ1994 (እ.ኤ.አ.) አሳዩ። በ1995 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ የሄሞንከስን አንደኛ መልክ ወስደው ቤን-1 በተበላሸባት የአፈር ትል ውስጥ አስገቡ። ፊኒልአላኒን ያለው ሲገባ መድኃኒቱ እንደገና ትሏን ጎዳት፤ ታይሮሲን ያለው ሲገባ ግን አልጎዳትም። ከዚያ ወዲህ በ167ኛውና በ198ኛው ቦታ የሚደረግ ለውጥም ተመሳሳይ ውጤት እንደሚያስከትል ታውቋል።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ሰብል ጥበቃ አንድ ነገር ጣል እናድርግ። ቤኖሚልና ካርቤንዳዚም የተባሉት የሻጋታ መድኃኒቶች የአልቤንዳዞል የቅርብ ዘመዶች ናቸው፤ የሚመቱትም የሻጋታውን ቤታ ቲዩቡሊን ነው። እነሱን የለመዱ ሻጋታዎች ሲመረመሩ በብዛት የሚገኘው ለውጥ በ198ኛውና በ200ኛው ቦታ ነው። የበግ ትልና የተክል ሻጋታ ያን ያህል ተራርቀው ሳሉ በአንድ ቀዳዳ ማምለጣቸው ይገርማል።

መድኃኒቱን የሚያከሽፈው አሰጣጥ

የተለወጠው መልክ መድኃኒቱ የፈጠረው አይደለም። ትሎቹ በቁጥር እጅግ ብዙ ስለሆኑ በመካከላቸው ለውጡን የያዙ ጥቂቶች ቀድሞም ይኖራሉ። መድኃኒቱ የሚያደርገው መምረጥ ነው። ቲያቤንዳዞል በ1961 (እ.ኤ.አ.) ሥራ ላይ ሲውል ትልቅ ተስፋ ተጥሎበት ነበር፤ በ1964 (እ.ኤ.አ.) ግን የማይገድለው ሄሞንከስ በአሜሪካ መገኘቱ ተገለጸ። የወሰደው ሦስት ዓመት ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የመጠን ጉዳይ ይመጣል። ትል እንደ ማንኛውም እንስሳ አንዱን ጂን ከአባቱ አንዱን ከእናቱ ይወርሳል። ሁለቱም ጂኖች የተለወጡበት ትል ሙሉ መጠን ቢሰጥም ይተርፋል። አንዱ ብቻ የተለወጠበት ግን በሙሉ መጠን አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል፤ መጠኑ ሲያንስ ይተርፋል። ለምሳሌ ያህል በአንድ መንጋ ካሉት የትል ጂኖች ከመቶው አንዱ የተለወጠ ነው እንበል። ከ10,000 ትሎች ሁለቱም ጂኖች የተለወጡበት በአማካይ አንድ ብቻ ይሆናል፤ አንዱ ጂን ብቻ የተለወጠበት ግን ወደ 200 ይጠጋል። ስለሆነም ሙሉ መጠን ሲሰጥ አንድ ትል የሚተርፍበት መንጋ፣ ያነሰ መጠን ሲሰጠው 200 ይተርፍበታል። የተረፉት እርስ በርስ ሲራቡም ከልጆቻቸው ሩብ ያህሉ ሁለቱም ጂኖች የተለወጡባቸው ሆነው ይወለዳሉ፤ እነዚህን ደግሞ ሙሉ መጠንም አይገድላቸውም።

በተግባር ስናየው በብዛት የሚሸጠው ባለ 300 ሚሊ ግራም የአልቤንዳዞል ኪኒን ነው። ለበግ በኪሎ 5 ሚሊ ግራም የሚል መመሪያ ከተያዘ፣ ግማሽ ኪኒን (150 ሚሊ ግራም) የሚበቃው እስከ 30 ኪሎ ለሚመዝን በግ ብቻ ነው። 40 ኪሎ የሚመዝነው ሙክት ግማሽ ሲሰጠው የሚደርሰው በኪሎ ከ4 ሚሊ ግራም ያነሰ ነው፤ ለእሱ 200 ሚሊ ግራም ያስፈልገው ነበር። ስለዚህ በዓይን ግምት ከመስጠት ይልቅ መመዘን፣ ሚዛን ከሌለ የደረት ዙሪያ በሜትር ለክቶ ክብደቱን መገመት፣ ጊዜ ካጠረም በአንድ ዕድሜና ጾታ ከተመደቡት ውስጥ ከባዱን መዝኖ ለሁሉም በእሱ ልክ መስጠት ይሻላል። ፍየል ደግሞ አልቤንዳዞልን ከበግ ይልቅ በፍጥነት ከሰውነቷ ታስወግዳለች። በመሆኑም የበግ መጠን ለፍየል ሲሰጥ ብዙውን ጊዜ ያንሳል፤ ትክክለኛውን መጠን የእንስሳት ሐኪም ይወስን። ነገር ግን ይህን ሰምቶ የቴትራሚዞልን ወይም የሌቫሚዞልን መጠን ለፍየል በራስ ፈቃድ ማብዛት አደገኛ ነው፤ በእነዚህ መድኃኒቶች በሚበቃውና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ነው።

አንድ ሌላ ስሕተት የስም ነው። አልቤንዳዞል አልሠራ ሲል ፌንቤንዳዞል ወይም ኦክስፌንዳዞል መግዛት መድኃኒት መቀየር አይደለም። ሁሉም የሚለጠፉት በዚያው በቤታ ቲዩቡሊን ላይ ስለሆነ ለአንዱ የከበደ ትል ለሌላውም ይከብዳል። የማኅበር ገዢ ኮሚቴ የሣጥኑን ቀለምና የንግድ ስሙን ትቶ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን የመድኃኒቱን ትክክለኛ ስም ማንበብ አለበት። ሌቫሚዞልና ቴትራሚዞል የሚመቱት የትሉን ነርቭና ጡንቻ መገናኛ ነው፤ አይቨርሜክቲን ደግሞ ሌላ የነርቭ በር ይይዛል። የወገን ለውጥ የሚባለው ወደ እነዚህ መሻገር ነው።

ለዘር የሚቀሩ ደካማ ትሎች

ቀጥሎ የምንለው ለብዙዎች እንግዳ ይሆናል። መንጋውን በሙሉ በአንድ ቀን መድኃኒት ሰጥቶ ወዲያው ወደ ንጹሕ ግጦሽ ማዛወር፣ ለዓይን ጥሩ ቢመስልም፣ የተለወጠውን ትል ብቻውን ባለ ርስት ማድረግ ነው። በዚያ አዲስ መስክ ላይ እንቁላል የሚጥሉት ከመድኃኒቱ የተረፉት ብቻ ይሆናሉና። መድኃኒት ያላገኛቸው ትሎች፣ በሣር ላይ ያሉትም ሆኑ ባልታከሙ እንስሳት ውስጥ ያሉት፣ ከተረፉት ጋር እየተዳቀሉ የተለወጠውን ጂን ያሳንሱታል። በበጋ ጉዳዩ ይብሳል። ሣሩ ሲደርቅ በመስክ ያለው እጭ ስለሚያልቅ አብዛኛው ትል የሚገኘው በእንስሳቱ ሆድ ውስጥ ነው፤ ያን ጊዜ ሁሉንም ማከም ከውጭ የሚቀር ዘር አያስተርፍም።

በምሥራቅ ኢትዮጵያ ተካሂዶ በ2006 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት ይህን በአገራችን አሳይቷል። በአንድ የተቋም የፍየል መንጋ አልቤንዳዞል፣ ቴትራሚዞልና አይቨርሜክቲን ሦስቱም ሳይሠሩ ሲቀሩ፣ በአካባቢው ገበሬዎች መንጋ ውስጥ ግን መድኃኒቶቹ ይሠሩ ነበር። ፍየሎቹ ከታከሙ በኋላ መድኃኒት ያልለመደ ትል ባለበት የጋራ ግጦሽ እንዲሰማሩ ሲደረግ የመድኃኒቶቹ ኃይል ተመለሰ። የገበሬው መንጋ መድኃኒት አልፎ አልፎ ብቻ ማግኘቱ፣ ድህነት ያመጣው ቢሆንም፣ በዚህ ረገድ ጠቅሟል። አሁን መድኃኒት በየገበያው መገኘቱ ሲበዛ ይህ ጥቅም እንዳይጠፋ ያሰጋል።

ስለዚህ የሚመረጠው የሚያስፈልገውን ብቻ ማከም ነው። በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀው ፋማቻ የተባለው ባለ አምስት ቀለም ካርድ ለዚህ ያገለግላል። የዓይኑ ቆብ ውስጥ ከካርዱ ጋር እየተነጻጸረ፣ በ4ኛውና በ5ኛው (የነጡት) ደረጃ ያሉት ይታከማሉ፤ 1ኛና 2ኛ ይታለፋሉ። በ3ኛው ደረጃ ያሉትን፣ በተለይ ጠቦቶችንና የሚያጠቡ እናቶችን፣ ማከም ደግ ነው። ካርዱን በፎቶ ኮፒ ማባዛት ቀለሙን ስለሚለውጥ ዋጋ የለውም። በክረምት ምርመራው በየሁለት ሳምንቱ ቢደገም መልካም ነው። ፋጉሎና የተሻለ መኖ የሚያገኝ እንስሳ ትሉን የመቋቋም ኃይሉ ስለሚጨምር ለመድኃኒት የሚደርሰው ቁጥር ያንሳል።

ከገበያ ለማድለብ የሚገዙ በጎች ከማኅበሩ መንጋ ጋር ወዲያው እንዳይቀላቀሉ። ከየት እንደመጡና ምን ዓይነት ትል እንደያዙ የሚታወቅ ነገር የለም። ቢቻል ከአንድ ወገን በላይ በሆነ መድኃኒት ታክመው ለጥቂት ቀናት በበረት ይቆዩ፤ ኩሳቸው በግጦሹ ላይ አይጣል።

መድኃኒቱ ከሸፈ ከማለት በፊት

ከመንጋጋ ሥር ማበጥ ሁሉ የሄሞንከስ አይደለም። ረግረግ ባለበት ደጋ የጉበት ትልም ይህንኑ ያመጣል፤ አልቤንዳዞል ደግሞ ያላደገውን የጉበት ትል አይገድልም። እዚያ ትሉ መድኃኒት ለመደ ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። እንዲሁም መድኃኒቱ ከምላስ በላይ እስከ ጉሮሮ መነሻ ሳይደርስ ከተሰጠ ከፊሉ ይተፋል፤ ማጠጫው የሚሰጠው መጠን በስፍር ካልተረጋገጠም ሊያታልል ይችላል።

እርግጠኛውን መልስ የሚሰጠው የእንቁላል ቆጠራ ነው። ከአንድ መንጋ ከ10 እስከ 15 እንስሳት ይመረጡና በመድኃኒቱ ቀን ከእያንዳንዱ ፊንጢጣ ኩስ ይወሰዳል፤ ከ10 እስከ 14 ቀን ቆይቶ ከእነዚያው እንስሳት ይደገማል። ከመሬት የተለቀመ ኩስ አያገለግልም። ናሙናው በስም ወይም በጆሮ ቁጥር ተለይቶ፣ በቀዝቃዛ ዕቃ ሆኖ፣ በሁለት ቀን ውስጥ በአቅራቢያ ወዳለ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ይድረስ። የእንቁላሉ ቁጥር የቀነሰው ከመቶ ከ95 በታች ከሆነ በዚያ መንጋ ያለው ትል መድኃኒቱን መልመዱ ይጠረጠራል። ከናሙናው ጋር የተሰጠው መድኃኒት ትክክለኛ ስም፣ የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን፣ የእያንዳንዱ እንስሳ ክብደት፣ የተሰጠው መጠን፣ ባለፈው ዓመት ስንት ጊዜ እንደታከሙም ተጽፎ ይላክ።